ሞተርዎ ትኩሳት አለው ወይስ ብርድ?
በዳሽቦርድዎ ላይ ያለችው ትንሽ መርፌ ስለ ኪስዎ፣ ስለ መኪናዎና ልጆችዎ ስለሚተነፍሱት አየር ብዙ ታውቃለች

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እናቴንና የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ እንጦጦ ስወጣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ዳገት ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና እየቃተተ ይሳባል፤ እኛም ከኋላው በአንደኛ ማርሽ እንሳባለን። ልጄ ከኋላ ወንበር «እማዬ፣ መኪናችን ጭስ ሆነች» ስትል ቀና አልኩ። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ያን ጊዜ ነው ለወራት ዞር ብዬ ያላየኋትን የሙቀት መርፌ ያየኋት። ቀዩ መስመር ላይ ደርሳለች።

ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ኮፈኑን ከፍቼ በጨርቅ የራዲያተሩን ክዳን ልይዝ ስል እናቴ ከመኪናው ወርዳ ጮኸችብኝ፦ «አንቺ ልጅ! የፈላ ጀበና ላይ እጅ ይጨመራል? ተይው ይብረድ!»

እናቴ መኪና ነድታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ፊቴንና እጄን ያዳነችኝ እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ፈታትቶ ካየ በኋላ ሦስት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ የቡና አተላ መስሏል። ሁለተኛ፣ ቴስታታው ተጣሟል፣ ጓርኒሲዮኑም ተቃጥሏል። ሦስተኛ፣ «እህቴ፣ ቴርሞስታቱ የለም። ማን አወጣው?» አለኝ።

አስታወስኩ። ከዓመት በፊት ሌላ ቦታ መኪናዋን ሳሠራ «ይሄ ነገር ለበረዶ አገር ነው፣ ለእኛ አገር አያስፈልግም፣ እንዲያውም ያሞቅብሻል» ተብዬ እሺ ብያለሁ። የጥገናው ሂሳብ የሁለት ወር ደመወዜን በላ።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ የተማርኩት ቢዝነስ እንጂ መካኒክነት አይደለም። ግን ቁጥር እወዳለሁ። ቤት ገብቼ የቤታችንን ወጪ የምመዘግብበትን ፋይል ከፈትኩ። ቴርሞስታቱ ከመውጣቱ በፊት መኪናዬ በአንድ ሊትር ቤንዚን 14 ኪሎሜትር ያህል ትሄድ ነበር። ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ወደ 12 ወርዷል። እኔ ግን መንገዱንና የነዳጅ ዋጋውን ስወቅስ ነበር የከረምኩት። ምልክቱ በእጄ ነበር፤ ማንበብ ግን አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠየቅኩ፣ ብዙ አነበብኩ። እርስዎ እኔ የከፈልኩትን እንዳይከፍሉ የተማርኩትን በቤታችን ቋንቋ ላካፍልዎት።

ከሦስት ሊትር አንዱ

ነዳጅ ማደያ ገብተው 30 ሊትር ቤንዚን ቀዱ እንበል። በቤንዚኑ ውስጥ ካለው ጉልበት ጎማዎን ለማንቀሳቀስ የሚውለው በግምት ከሦስት እጅ አንዱ ብቻ ነው፤ በከተማ መጨናነቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንዱ ሲሶ ያህል በጭስ ማውጫው በትኩስ ጋዝ መልክ ይወጣል። ቀሪው ሲሶ ያህል በሞተሩ ግድግዳ አልፎ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ፣ ከዚያም በራዲያተሩ በኩል ወደ አየር ይሄዳል። መኪና ማለት እግረ መንገዱን የሚሄድ ምድጃ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑ በሚቀጣጠልበት ቅጽበት ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ፒስተኑና ቴስታታው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩበት አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ታዲያ ለምን አይቀልጥም? እሳቱ ለቅጽበት ብቻ ነድዶ ስለሚጠፋ፣ ሙቀቱም በኦሊዮና በማቀዝቀዣው ውሃ ያለማቋረጥ ስለሚወሰድ ነው። ጣትዎን በሻማ እሳት ላይ ፈጥነው ቢያሳልፉ አይቃጠልም፤ ቢያቆዩት ግን ወዮልዎ። ማቀዝቀዣው ለደቂቃዎች ሥራውን ካቆመ ሞተሩ ጣቱን እሳት ላይ አቆየ ማለት ነው።

ከዚህ ተነስተን «እንግዲያው የቀዘቀዘ ሞተር ይሻላል» ብንል ደግሞ እኔ የሠራሁትን ስህተት እንደግማለን።

ቴርሞስታት፦ የሞተሩ በረኛ

ቴርሞስታት የእጅ መዳፍ የማትሞላ የብረት ዕቃ ናት። በውስጧ ሰም አለ። ሞተሩ ሲነሳ በሩ ዝግ ነው፤ ውሃው በሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። ሙቀቱ ወደ 82 ወይም 88 ዲግሪ ሲደርስ ሰሙ ይቀልጣል፣ ይሰፋል፣ በሩንም ይገፋዋል። ያን ጊዜ ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ በርዶ ይመለሳል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ የሰም መቅለጥና መርጋት ብቻ ነው ሥራውን የሚሠራው።

ይህ በረኛ ከተባረረ ውሃው ገና ከመነሻው ወደ ራዲያተር ይሄዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የአዲስ አበባ ብርድ ላይ ሞተሩ እስኪሞቅ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ቢሮ ይገባሉ። ሞተሩ ብርድ ሲሆን ደግሞ ሦስት ነገር ይከተላል።

የመጀመሪያው ነዳጅ ነው። ቤንዚን የሚነደው ተን ሆኖ ነው፤ በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ በደንብ አይተንም። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር የሙቀት መለኪያውን አይቶ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ሞተሩ መቼም ካልሞቀ ጭማሪው አያቆምም። የእኔ 14 ኪሎሜትር ወደ 12 የወረደው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ኦሊዮ ነው። ቀዝቃዛ ኦሊዮ እንደረጋ ማር ወፍራም ነው፤ ሞተሩ እሱን ለማላወስ ብቻ ጉልበት ያባክናል። ያልተነነው ቤንዚን ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከኦሊዮው ይቀላቀልና ያቀጥነዋል። የቀጠነ ኦሊዮ ብረትን ከብረት አይጠብቅም።

ሦስተኛው ጭሱ ነው። እሱን ለብቻው እናየዋለን።

«ታዲያ የእኔ መኪና ብርድ ከነበረች እንዴት ፈላች?» ብለው ከጠየቁ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም መካኒኩን ጠይቄዋለሁ። መልሱ ራዲያተሩ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ ስጨምርበት የውሃው ማዕድንና የብረቱ ዝገት ጠባብ መተላለፊያዎቹን ደፍኗቸዋል። ሜዳ ላይ ነፋስ ሲመታው ሞተሩ ከልክ በላይ ይበርዳል፤ ዳገትና መጨናነቅ ሲመጣ ግን የተደፈነው ራዲያተር ሙቀቱን ማውጣት አቃተው። በዚያ ላይ በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድም ይዘጋል። እሱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይሆንና ከውሃው ከፊሉ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። «ያሞቅብሻል» ተብዬ ያስወጣሁት ዕቃ፣ አለመኖሩ ነው ያሞቀብኝ።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ ለምን ይቸኩላል?

በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 3,000 ሜትር የሚጠጋው እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ በ90 አካባቢ። ባቄላና ሥጋ ለመብሰል የሚያንገላቱን በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃው ፈላ እንጂ በቂ አልሞቀም። መፍትሔው በየቤታችን አለ። ፕሬዠር ኩከር ነው። ክዳኑን ገጥመን እንፋሎቱን ስናፍነው ግፊቱ ይጨምራል፣ የመፍያው ዲግሪም ከፍ ይላል።

የራዲያተር ክዳን ሥራው ይኸው ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ካዩ የሚችለውን ግፊት የሚያመለክት ነው። ደህና ክዳን በአዲስ አበባ ከፍታም ቢሆን የውሃውን መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የሰነፈ ክዳን ግን ግፊት አይዝም፤ ሞተርዎ በ92 ዲግሪ ይፈላል ማለት ነው። ሞተሩ በደህናው ቀን ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መካከል እንደሚሠራ ካሰቡ ክዳኗ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ይገባዎታል።

አሁን የእናቴን ጩኸት እናስታውስ። ክዳኑ ተገጥሞ ሳለ ውስጡ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል፤ ግፊቱ ይዞታል። ክዳኑን የከፈቱ ጊዜ ግፊቱ በአንድ አፍታ ይጠፋል፣ ውሃውም በዚያው ቅጽበት ፈልቶ ወደ ላይ ይፈነዳል። ፊት የሚያቃጥለው ይህ ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሱ። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ ሞቅታው እስካልጠፋ ድረስ ክዳኑን አይንኩ።

ከፍታው ሌላም ያስከፍለናል። በአዲስ አበባ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው አየርም የሳሳ ስለሆነ እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። ዳገት ላይ ሲሞላ ተጭኖ የሚቃትተው መኪናዎ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው።

ሸክላ ድስትና የአሉሚኒየም ድስት

በሸክላ ድስት ወጥ የሠራ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። የአሉሚኒየም ድስት ወዲያው ይሞቃል፣ ከእሳት ሲወርድም ወዲያው ይበርዳል። የሞተር ሠሪዎችም ምርጫቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የድሮ ሞተሮች ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ ብረት ተፈስሰው የሚሠሩ ነበሩ። ከባድ ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው፣ ሙቀትንም ይችላሉ። አሉሚኒየም ክብደቱ ከብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን ሙቀትንም ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያስተላልፋል። ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል፣ መኪናው ይቀላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ለዚህም ነው ዛሬ ቴስታታ ሁሉ ማለት ይቻላል አሉሚኒየም የሆነው።

ግን አሉሚኒየም ጠባይ አለው። ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ ከጠዋቱ ብርድ ተነስቶ 90 ዲግሪ ሲደርስ በግማሽ ሚሊሜትር እና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ሥሩ ያለው ብሎክ ብረት ከሆነ ደግሞ የእሱ ጭማሪ የዚያ ግማሽ ነው። በመካከላቸው ተኝቶ ይህን የባልና ሚስት ልዩነት በየቀኑ የሚያስታርቀው ጓርኒሲዮን ነው። ሙቀቱ በልኩ ሲሆን ያስታርቃል። ከልክ ሲያልፍ ግን አሉሚኒየሙ መስፋት ፈልጎ በብሎኖች ስለተያዘ ይጣመማል። ፋብሪካዎች ለቴስታታ የሚፈቅዱት መጣመም አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ነው፤ ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ወይም ይጣላል።

ስለዚህ «የድሮው መኪናዬ ስንት ጊዜ ፈልቶ ምንም አልሆነም» የሚሉ አጎት ካሉዎት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የእርስዎ መኪና ግን የእሳቸው አይደለም። መርፌዋ ቀይ ስትነካ «እስከ ቤት ልድረስ» ማለት በደቂቃዎች ውስጥ የብዙ ወር ቁጠባ ማቃጠል ነው።

በመኪናዎ ሥር ያለው ውድ ማዕድን

አሁን ወደ ጭሱ እንምጣ። ከሞተርዎ ቀጥሎ፣ ከማርሚታው በፊት፣ ካታሊስት የሚባል ዕቃ አለ። ሲያዩት ቆርቆሮ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሴራሚክ ነው፤ በላዩም ጥቂት ግራም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። ከጌጣጌጥ ቤት ውድ ማዕድናት ጋር የሚሰለፉ ናቸው። ሥራቸው በሞተሩ በደንብ ያልነደደውን ቤንዚን፣ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደ ውሃ፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ናይትሮጅን መለወጥ ነው።

ታዲያ እነዚህ ማዕድናት ሥራ የሚጀምሩት ሲሞቁ ነው፤ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ካልደረሱ ተኝተው ያሳልፉታል። ስለዚህ ካታሊስት ያለው መኪና በአጭር ጉዞ ከሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልነደደ ቤንዚን አብዛኛው የሚወጣው ሞተሩ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሞተሩ እየበረደ የሚሄድ መኪና እነዚህን ደቂቃዎች ያስረዝማቸዋል።

ይህን ሳውቅ ትዝ ያለኝ የልጄ ትምህርት ቤት በር ነው። ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት ባለው ጊዜ መኪኖች ሞተራቸው እየሠራ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ብዙዎቹ ገና ከቤት የወጡ፣ ገና ያልሞቁ ናቸው። ልጆቹ በመካከላቸው ያልፋሉ። የአንድ አምስት ዓመት ልጅ አፍንጫ ከእርስዎ አፍንጫ ይልቅ ለጭስ ማውጫው ይቀርባል። ቆመው ሲጠብቁ ሞተሩን ማጥፋት ምንም አያስወጣም።

ሙቀት ከልክ ሲያልፍም ጭሱ አይሻልም። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እሳቱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ዝም ብሎ የነበረው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሳንባ የሚቆጣ ጋዝ ይሆናል። ሞተር ሲበርድ አንድ ዓይነት መርዝ፣ ሲግል ሌላ ዓይነት መርዝ ያወጣል። ንጹሑ ቦታ መካከሉ ነው።

ካታሊስቱም ጠላት አለው። አንዱ እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነበር፤ ማዕድኖቹን ሸፍኖ ያደነዝዛቸዋል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መባቻ ድረስ እሱን ትተውታል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዓለም ሁሉ ለመኪና መሸጡ አብቅቷል። ዛሬ ያለው ጠላት የተበላሸ ካንዴላ ነው። አንዱ ሲሊንደር ሳይነድ ካለፈ ቤንዚኑ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይነዳል፣ የማር እንጀራውም ይቀልጣል። ሌላው ጠላት ደግሞ ሰው ነው። «ይሄ ጭሱን አፍኖብሻል፣ እናውጣውና ጉልበት ታገኛለች» የሚል ካጋጠመዎ በእጁ ምን እንደሚይዝ ያስቡ። ዋጋው ለእሱም ይታወቀዋል። ካታሊስት ከተደፈነ ምክንያቱ ይፈለጋል እንጂ ተቆርጦ አይሸጥም።

ጭሱን በቀለሙ ይወቁት

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የሚታይና በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋ ስስ ነጭ ተን አያስደንግጥዎ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል፤ ያ ውሃ በቀዝቃዛው ማርሚታ ላይ ረግቶ ነው የሚተነው።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ወፍራም ነጭ ጭስ ካለ፣ የራዲያተር ውሃም እየቀነሰ ከሆነ፣ ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ኦሊዮ እየነደደ መሆኑን ያሳያል። በቤንዚን መኪና ላይ ጥቁር ጭስ ማለት ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው፤ የአየር ማጣሪያው ሊሆን ይችላል፣ ወይም እንደ እኔ መኪና ሞተሩ ብርድ ነው ብሎ የሚያስብ ኮምፒውተር።

በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ቀለም አይጠብቁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። «ሞተሯ ትሙቅ» ብለው በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በጭራሽ አያስነሱ።

ከዛሬ ጀምሮ የሚያደርጉት

መርፌዋን ይወቋት። መኪናዎ ከሞቀ በኋላ መርፌዋ የት እንደምትቆም አንድ ሳምንት ያስተውሉ። ከዚያ ከፍ ካለች ወይም ከ15 ደቂቃ ጉዞ በኋላም ከታች ከቀረች መኪናዎ እየተናገረ ነው። መርፌ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ሲነሱ ሰማያዊ፣ ሲግሉ ቀይ መብራት ያበራሉ።

የቧንቧ ውሃ ይተው። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል። «በረዶ የለም፣ አያስፈልገንም» የሚለው አባባል የኩላንትን ግማሽ ሥራ ረስቶታል። መቼ እንደሚቀየር የመኪናውን መመሪያ ወይም የታመነ መካኒክ ይጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙው ኩላንት ይጣፍጣል፣ ግን መርዝ ነው። ከልጆችና ከውሻ ያርቁት፤ በለስላሳ ጠርሙስ አያስቀምጡት።

በቆመበት አያሙቁ። አሥር ደቂቃ ቆሞ ማሞቅ የካርቡሬተር ዘመን ልማድ ነው። ለዘመናዊ ሞተር ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በለስላሳ ይንዱ። ሞተር በጉዞ ላይ ቶሎ ይሞቃል። መርፌዋ ቦታዋ እስክትደርስ ግን ነዳጅ አይርገጡ።

አጫጭር ጉዞዎችን ያጣምሩ። ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲና ገበያ ለየብቻ ከሄዱ ሦስት ቀዝቃዛ ጉዞ ነው። በአንድ ዙር ካዋሉት ሞተሩ አንዴ ነው የሚሞቀው።

ዳገት ላይ መርፌዋ ከወጣች ኤርኮንዲሽነሩን ያጥፉ፤ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ይክፈቱ። እንግዳ ይመስላል፣ ግን የቤቱ ማሞቂያ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልወረደች ወይም ቀይ ከነካች ዳር ይዘው ያጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፤ የጋለ ሸክላ ላይ ውሃ ሲፈስ ምን እንደሚሆን ያውቁታል።

የወጣ ዕቃ ሁሉ ይጠየቅ። ጋራዥ ሲያስገቡ አንድ ዕቃ «አያስፈልግም» ከተባሉ፣ ፋብሪካው ለምን አስገባው ብለው ይጠይቁ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጅዎ ይቀበሉ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ባለቤትነት ነው።

የነዳጅ መዝገብ ይያዙ። በሞሉ ቁጥር ሊትሩንና ኪሎሜትሩን በስልክዎ ይጻፉ። ብር ሳይሆን ሊትር ይቁጠሩ፤ ዋጋ ይለዋወጣል፣ ሊትር ግን አይዋሽም። እኔ መዝገቡ ነበረኝ፤ የጎደለኝ ማየት ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ካለዎትስ?

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ኤሌክትሪክ ዞረዋል። እዚያም ሙቀት አልቀረም። የሊቲየም ባትሪ እንደ እኛው ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ባለው መካከል ነው የሚስማማው፤ ብርድ ሲመታው የሚሄድበት ርቀት ይቀንሳል፣ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያረጃል። ብዙዎቹም ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በኩላንት ነው። ቆላ ሲወርዱ በጠራራ ፀሐይ አያቁሙት።

የቤንዚን መኪና ያለን ደግሞ ከእሱ ጋር ገና ብዙ ዓመት እንቆያለን። በቀላሉ የማይተካ ዕቃ ሲሆን እንክብካቤው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መኪናዬ አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ክዳንና ኩላንት ከገባላት በኋላ በመዝገቤ ላይ ያለው ቁጥር በሁለት ወር ውስጥ ወደ 14 ተመለሰ። ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ዳገት ደግመን ወጣን። ልጄ ከኋላ ሆና አንገቷን አስግጋ «እማዬ፣ መርፌዋ የት ናት?» ትለኛለች። «መሃል» እላታለሁ። እናቴም ከጎኗ «ተመስገን» ትላለች፤ ግን ዓይኗን ከኮፈኑ አታነሳም።

እርስዎም ነገ ጠዋት ልጆቹ ቀበቶ እስኪያስሩ ድረስ ዝቅ ብለው ይመልከቷት።